በአንድ ጊዜ በልዩ ልዩ ፍጥነት ስለሚሄድ ዜማ

በከተራ ዕለት የየአጥቢያው ታቦት ከመንበሩ ተነሥቶ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርድ፣ ከመንገድ መገናኛ ላይ ቆሞ ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከቀኝ የሚመጡት መዘምራን በዝግታ ሲያዜሙ፣ ከግራ የሚመጡት ደግሞ ከበሮውን አፋጥነው እያጨበጨቡ ሲደርሱ፣ ሁለቱ ዜማዎች በአንድ ጆሮ ውስጥ ይገናኛሉ። ምታቸው አይገጥምም፤ የአንዱ ከበሮ ሁለት ጊዜ ሲመታ የሌላው ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ አሳልፎ ይመታል። አንዳንድ ጊዜ ግን ሁለቱ ከበሮዎች ሳይታሰብ በአንድ ቅጽበት ላይ ይወድቁና ወዲያው ይለያያሉ። ከዳር ሆኖ ለሚሰማው ይህ ነገር እጅግ ደስ ያሰኛል። በመዘምራኑ መካከል ለቆመው ሰው ግን ፈተና ነው፤ የጎረቤቱ ከበሮ ስቦ ከጓደኞቹ እንዳይለየው ዐይኑን ከመሪው ላይ ሳይነቅል፣ ጆሮውንም እንደ መድፈን አድርጎ መሄድ አለበት።

ይህ ሁሉ በአጋጣሚ የሚሆን ነው እንጂ አንድ ደራሲ አስቦ ያዘጋጀው አይደለም። ከኤውሮፓና ከአሜሪካ የሙዚቃ ሊቃውንት መካከል ግን እንዲህ ያለውን መገናኘት አስበውና ለክተው በጽሑፍ ያኖሩ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራትም ፍጥነት ያላቸው ድምፆች በአንድ ጊዜ እንዲሄዱ ያደረጉ ሰዎች ነበሩ። የእነዚህም ሰዎች ታሪክ አንድ ጥያቄ አለበት፤ ይኸውም እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ሲሄድ ሁሉን አንድ አድርጎ የሚይዘው ምንድን ነው የሚል ነው። በየዘመኑ የተሰጠው መልስ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ ታሪኩን ከሥሩ ጀምረን እንናገራለን። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ግን አንባቢ ነገሩን ከሌላ ነገር ጋር እንዳያደባልቀው አንድ ልዩነት ማስታወስ ይገባል። በእኛ ማኅሌት አንዱ ዜማ በልዩ ልዩ ፍጥነት መባሉ የታወቀ ነው። መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከዚያም ከበሮው ገብቶ ይመረገዳል፤ በመጨረሻም በጽፋት ይፈጸማል። በዚህ ሁሉ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል። ዳሩ ግን ይህ የሚሆነው በተራ ነው፤ መዘምራኑ ሁሉ አብረው ይዘገያሉ፣ አብረውም ይፈጥናሉ። እኛ የምንናገርለት ነገር ግን ቁሙና ጽፋቱ በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ በአንድ ጊዜ ቢባሉ፣ ያውም በልክ ተሰፍረው ቢባሉ፣ እንደሚሆነው ያለ ነው።

በ15ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር ዮሐንስ ኦኬገም የሚባል የዜማ ሊቅ ነበረ። ይህ ሰው ሦስት ነገሥታትን፣ ማለት ሻርል 7ኛን፣ ሉዊ 11ኛንና ሻርል 8ኛን፣ በቤተ መንግሥታቸው ጸሎት ቤት አገልግሏል። በቱር ከተማ ባለው በቅዱስ ማርቲኖስ ቤተ ክርስቲያንም የግምጃ ቤት ሹመት ነበረው። በ1497 ዓመት በሞተ ጊዜ የዘመኑ ሊቃውንት ብዙ የልቅሶ ግጥም ደርሰውለታል። ከእርሱ የቀረልን የዜማ ሥራ ብዙ አይደለም፤ ከዚያው መካከል ግን «ሚሳ ፕሮላሲዮኑም» የሚባለው የቅዳሴ ዜማ ለዚህ ታሪካችን መሠረት ነው።

ይህን ሥራ ለማስተዋል የዚያን ዘመን ኖታ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ኖታ ማለት በእኛ ዜማ ምልክት እንደምንለው ያለ ጽሕፈት ነው፤ ነገር ግን የድምፁን ከፍታና የቆይታውን ልክ አንድ በአንድ ያሳያል። በዚያ ጊዜ ከነበሩት ምልክቶች ሦስቱ ብሬቪስ፣ ሴሚብሬቪስና ሚኒማ ይባሉ ነበር። (ብሬቪስ በላቲን ቋንቋ አጭር ማለት ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ ያጠሩ ምልክቶች እየተጨመሩ ስለ ሄዱ በኦኬገም ዘመን አጭር የተባለው ረዥም ሆኖ ይገኛል። ስም ከተሰጠ በኋላ እንደዚህ መሆኑ በሌላም ነገር የሚታይ ነው።) ብሬቪሱ በሴሚብሬቪስ፣ ሴሚብሬቪሱም በሚኒማ ይከፈላል። በስንት እንደሚከፈል ግን ምልክቱ ብቻውን አይናገርም፤ የሚናገረው በመስመሩ መጀመሪያ ላይ የሚቆመው ሌላ ምልክት ነው። ይህ ምልክት ሙሉ ክበብ ከሆነ ብሬቪሱ በሦስት ሴሚብሬቪስ ይከፈላል፤ ግማሽ ክበብ ከሆነ በሁለት። በክበቡ ውስጥ ነጥብ ካለበት ሴሚብሬቪሱ በሦስት ሚኒማ ይከፈላል፤ ነጥብ ከሌለበት በሁለት። የቀድሞ ሊቃውንት ሦስትን ከቅድስት ሥላሴ ጋር አያይዘው ፍጹም ቍጥር ይሉት ስለ ነበረ፣ ሦስቱን የሚያመለክተው ክበብ ሙሉ ሆነ፤ ሁለቱን የሚያመለክተው ጐደሎ ሆነ።

እንግዲህ አንባቢ ሒሳቡን ራሱ ሊያደርገው ይችላል። አንድ ብሬቪስ ነጥብ ባለበት ሙሉ ክበብ 9 ሚኒማ ይሆናል፤ ነጥብ በሌለበት ሙሉ ክበብ 6፤ ነጥብ ባለበት ግማሽ ክበብም 6፤ ነጥብ በሌለበት ግማሽ ክበብ 4። ይኸው አንድ ጽሕፈት፣ አንድ ቀለም ሳይለወጥበት፣ በላዩ በሚቆመው ምልክት ምክንያት አንድ ጊዜ ይረዝማል፣ አንድ ጊዜ ያጥራል።

ኦኬገም ያደረገው እንዲህ ነው። አራት ድምፅ የሚዘምረውን ቅዳሴ በሁለት መስመር ብቻ ጻፈው። በእያንዳንዱም መስመር ራስ ላይ ሁለት ሁለት ምልክት አቆመ። በላይኛው መስመር ላይ ነጥብ የሌለበትን ግማሽ ክበብና ነጥብ የሌለበትን ሙሉ ክበብ፤ በታችኛው ላይ ነጥብ ያለበትን ግማሽ ክበብና ነጥብ ያለበትን ሙሉ ክበብ። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አንዱን ጽሕፈት እያዩ፣ አንዱ በአራት ሚኒማ የሚያልፈውን ድምፅ ሌላው በስድስት ያልፈዋል፤ ከታች ያሉት ሁለቱም አንዱ በስድስት፣ ሁለተኛው በዘጠኝ። አራቱ ምልክቶች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ ማለት ነው።

ሁለቱ አብረው ይጀምራሉ፤ ወዲያው ግን በመጀመሪያዎቹ ረዣዥም ድምፆች ላይ አንዱ ቀድሞ ሲሄድ ሌላው ወደ ኋላ ይቀራል። ዝም ብለው እንደዚህ ቢሄዱ አንዱ ጨርሶ ሲቀመጥ ሌላው ከመንገድ መካከል ይቀር ነበር። ኦኬገም ግን የሚፈልገውን ያህል ከተራራቁ በኋላ በሁሉም ምልክት ሥር ልካቸው የማይለወጥ አጫጭር ድምፆችን ይጽፋል፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲያ አንዱ ሌላውን በዚያው ርቀት ላይ ሆኖ ይከተለዋል። ይህም አልበቃውም። በመጀመሪያው የኪርያላይሶን ክፍል ሁለቱ ተከታታዮች በአንድ የድምፅ ከፍታ ይጀምራሉ፤ በሚቀጥለው ክፍል በአንድ ደረጃ ይለያያሉ፤ ከዚያም እየሰፋ ሄዶ በሆሣዕናው ላይ ስምንተኛው ድምፅ ይደርሳል። አንድ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ሥራ ለመፈጸም ስንት ሌሊት እንደ ተቀመጠ ማሰብ ያስገርማል።

ከኋላ የመጡ አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች ኦኬገምን የእንቆቅልሽ ሠሪ አድርገው ነቅፈውታል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ይህን ቅዳሴ ስለ አሠራሩ ምንም ሳይነገረው የሚሰማ ሰው እንቆቅልሽ አይሰማም፤ እንደ ሰፊ ወንዝ ጸጥ ብሎ የሚፈስ ዜማ ነው የሚሰማው። አራቱ ድምፆች በአንድ ቦታ አብረው ስለማያርፉ ዜማው መቆሚያው አይታወቅም፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይቀጥላል። ሒሳቡ ያገለገለው ለዚህ ነው። እንቆቅልሽ ሠሪ ብልሃቱ እንዲታይለት ይፈልጋል፤ ኦኬገም ግን ብልሃቱን የሸሸገው ከሰሚው ነው፤ የሚያውቁት መዘምራኑ ብቻ ነበሩ።

መዘምራኑም ዛሬ እንደምናየው አራቱን ድምፅ ከላይ ወደ ታች አስተካክሎ የሚያሳይ ጽሑፍ አልነበራቸውም። በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ፊት ሰብሰብ ብለው ይቆሙና እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ብቻ ያይ ነበር። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ሚኒማው ነው። የሁሉም ሚኒማ እኩል ነው፤ አራቱም በልባቸው አንዱን ትንሽ ምት ይቈጥራሉ፤ የሚለያዩት ያንን ትንሽ ምት በስንት በስንት እንደሚያስሩት ነው። እንግዲህ የጥያቄያችን የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ ልዩ ልዩ ፍጥነቶችን አንድ አድርጎ የያዛቸው ከሁሉ የሚያንሰው፣ ሁሉም በጋራ ያላቸው ልክ ነው።

ከኦኬገም ቀጥሎ የተነሣው ዦስካን ደ ፕሬ ነገሩን በሌላ መንገድ ወሰደው። ይህ ሰው በኦኬገም ሞት ጊዜ የልቅሶ ዜማ የደረሰ ነው። በ1502 ዓመት ኦታቪያኖ ፔትሩቺ የሚባለው አታሚ በቬኔዝያ ከተማ የዦስካንን ቅዳሴዎች ሲያትም በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ያኖረው፣ «የታጠቀው ሰው» በሚባለው የሕዝብ ዜማ ላይ የተደረሰውን ቅዳሴ ነው። በዚያ ውስጥ በሁለተኛው የአግኑስ ዴይ ክፍል አንድ አጭር መስመር አለ፤ ከእርሱ ሦስት ድምፆች ይወጣሉ። መካከለኛው ድምፅ ከሁሉ ይዘገያል፤ ታችኛው በእጥፍ ይፈጥናል፤ ላይኛው በሦስት እጥፍ። አብረው ጀምረው አብረው ይጨርሳሉ፤ ስለዚህ ላይኛው መስመሩን በሙሉ ሲዘምር መካከለኛው ከመጀመሪያው ሲሶ በቀር አያገኝም። ሦስቱ አንዱን መጽሐፍ ያነባሉ፤ አንዱ ግን ከመጽሐፉ መግቢያ አያልፍም። የሚዘመርበትም ጊዜ እጅግ አጭር ነው።

ከዚህ በኋላ ይህ ጥበብ ደከመ። በ17ኛው መቶ ዓመት የክበቦቹ ምልክት ከጥቅም እየወጣ፣ በምትኩ ሁሉን ድምፅ በአንድ ላይ የሚቈርጥ ቀጥ ያለ መስመር በኖታው ላይ እየተለመደ ሄደ። ዜማው ለመማር ቀለለ፤ ብዙ ሰው አብሮ መምታት ቻለ። ነገር ግን መስመሩ የሁሉንም እርምጃ አንድ ስለሚያደርግ፣ በየራሱ ፍጥነት መሄድ ከደንብ የወጣ ነገር ሆነ።

በዚያ ረዥም ዘመን መካከል አንድ ሥራ ብቻ እጠቅሳለሁ። ሞዛርት «ዶን ጆቫኒ» የሚባለውን ቴአትር በኦክቶበር 29 ቀን 1787 በፕራግ ከተማ ባሳየ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ በአንድ ግብዣ ቤት ውስጥ ሦስት የሙዚቃ ጓዶች ሦስት ዓይነት ዘፈን በአንድ ጊዜ እንዲመቱ አደረገ። አንደኛው የመኳንንቱ ዘፈን ነው፤ በሦስት ይመታል። ሁለተኛው በሁለት ይመታል። ሦስተኛው የባላገሮቹ ዘፈን ነው፤ በሌሎቹ አንድ ምት ውስጥ ሦስት አጫጭር ምት ይከታል። የመኳንንቱ ዘፈን ሁለት ዙር ሲዞር ሁለተኛው ሦስት ዙር ይዞራል፤ በስድስተኛው ምት ላይ ይገናኛሉ። እዚህም የጋራ ልክ አለ። ነገር ግን ሞዛርት ነገሩን ከኦኬገም በተቃራኒ አደረገው፤ ልዩነቱ እንዲሰማ ፈለገ። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ጌታና ባላገር በየሥርዐታቸው ሲዘፍኑ ሊደርስ ያለው ሁከት ከሙዚቃው አስቀድሞ ይታወቃል።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በኮነቲከት ግዛት ባለችው በዳንበሪ ከተማ ጆርጅ አይቭስ የሚባል የሙዚቃ ጓድ መሪ ነበረ። ይህ ሰው በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ በወጣትነቱ የሠራዊት ሙዚቃ የመራ ነው። ሁለት የሙዚቃ ጓዶች የተለያየ ማርሽ እየመቱ በከተማው ውስጥ ሲተላለፉ የሚሰማውን ድምፅ ይወድ እንደ ነበር ልጁ ቻርልስ ተናግሯል። በጥምቀት መንገድ ላይ የምንሰማውን እርሱ በዳንበሪ ሰማው ማለት ነው። ቻርልስ አይቭስ በ1874 ተወልዶ በ1954 የሞተ ሲሆን፣ እንጀራውን ያገኝ የነበረው ከኢንሹራንስ ሥራ ነው፤ ዜማ የሚደርሰው በማታና በዕረፍት ቀን ነበር። «ሦስት ሥፍራዎች በኒው ኢንግላንድ» በሚባለው ሥራው በሁለተኛው ክፍል፣ ሁለት ማርሾች በ4 እና በ3 ልክ በአንድ ጊዜ ይሄዳሉ፤ አንዱ አራት ሲራመድ ሌላው ሦስት።

ይህ ሥራ በጃኑዋሪ 10 ቀን 1931 በኒው ዮርክ መጀመሪያ በተሰማ ጊዜ መሪው ኒኮላስ ስሎኒምስኪ ነበረ። እርሱም በኋላ በአንድ እጁ አንዱን ፍጥነት፣ በሌላው እጁ ሌላውን ፍጥነት እያሳየ ይመራው ነበር። ቀኝ እጁ የምትሠራውን ግራ እጁ አታውቅም፣ ስለዚህ ወንጌልን የፈጸመ መሪ ነው ተብሎም ተቀለደበት። ቀልዱ መልካም ነው፤ እውነቱ ግን ተቃራኒ ነው፤ ሁለቱ እጆች በደንብ ካልተዋወቁ አራትን በሦስት ላይ መምታት አይቻልም። ለማይታመን ሰው ገበታ ላይ በሁለት እጁ ይሞክረው። የአይቭስ አራተኛው ሲምፎኒ ደግሞ ከዚህ የባሰ ስለ ሆነ በሙሉ የተሰማው ደራሲው ከሞተ ከ11 ዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 26 ቀን 1965 ነው፤ ሌኦፖልድ ስቶኮቭስኪ ሲመራው ሌሎች መሪዎች አግዘውታል። በጀርመን አገርም በኮሎኝ ከተማ በ1958 ሽቶክሃውዝን የሚባለው ደራሲ ሦስት ኦርኬስትራዎችን ከሦስት መሪዎች ጋር በሰሚው ዙሪያ አቁሟል። ስለዚህ በዚህ ዘመን ለጥያቄው የተሰጠው መልስ መሪውን ማብዛት ሆነ። ይህ መልስ ለእኔ የሚያረካ አይመስለኝም፤ መሪዎቹን ራሳቸውን የሚያስማማቸው ማን ነው ተብሎ ይጠየቃልና።

ነገሩን ከሥሩ የመረመረው ሄንሪ ካውል የሚባለው አሜሪካዊ ነው። በ1930 ባሳተመው ስለ ሙዚቃ አዲስ መንገዶች በሚናገር መጽሐፍ፣ የድምፅ ስምምነትና የምት ስምምነት አንድ ነገር መሆናቸውን አስረዳ። አሳቡ እንዲህ ነው። ሁለት ከበሮዎች ቢኖሩና በአንድ ሴኮንድ አንዱ 2 ጊዜ ሌላው 3 ጊዜ ቢመታ፣ ጆሮ ሁለት ፍጥነት ይሰማል። ሁለቱም መቶ እጥፍ ቢፋጠኑ ግን አንዱ 200 ሌላው 300 ጊዜ ይመታል፤ በዚያን ጊዜ ጆሮ ምቱን መቍጠር ትቶ ሁለት ድምፆችን በአንድ ላይ ይሰማል፤ እነርሱም በዜማ ሊቃውንት ዘንድ እጅግ የሚስማሙ የተባሉት ናቸው። እንግዲህ በአንድ ጊዜ የሚሄዱ ሁለት ፍጥነቶች ማለት ቀስ ተብሎ የተዘረጋ የድምፅ ስምምነት ማለት ነው። የበሰሉ ሙዚቀኞች እንኳ 5ን በ7 ላይ መምታት እንደሚከብዳቸው ካውል ስላወቀ፣ እንዲህ ያለው ሥራ በራሱ ለሚመታ ፒያኖ ቢሰጥ ይቻላል ብሎ በዚያው መጽሐፍ ጠቆመ። እርሱ ራሱ ግን ይህን አላደረገውም።

ያደረገው ኮንሎን ናንካሮ ነው። ይህ ሰው በ1912 በአርካንሳስ ግዛት በቴክሳርካና ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ መለከት ይነፋ ነበር። በ1937 ወደ እስፓኝ ሄዶ ከሊንከን ብርጌድ ጋር ሆኖ የጄኔራል ፍራንኮን ሠራዊት ተዋጋ፤ በ1939 ተመለሰ። በዚህም ምክንያት መንግሥቱ ፓስፖርት ስለ ከለከለው በ1940 ወደ ሜክሲኮ ሄደ፤ በኋላም የዚያው አገር ዜጋ ሆነ። በዚህ ዘመን አንድ ዜማ ለሰባት ሙዚቀኞች ደርሶ በኒው ዮርክ ተመታለት። ልምምዱ ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከዚያም በአንዱ አንዳንዶቹ፣ በሌላው ሌሎቹ ነበሩ የተገኙት። በጨዋታው ቀን ገና ከመጀመሪያው ተጠፋፍተው፣ እያንዳንዱ ለብቻው እየመታ ሥራው ተበላሸ። ሰው የደረሰውን ሥራ እንዲህ ሆኖ መስማት ምን ያህል እንደሚያሳዝን መናገር አያስፈልግም።

ናንካሮ የካውልን መጽሐፍ አንብቦ ነበርና በ1947 ወደ ኒው ዮርክ ተመልሶ በራሱ የሚመታ ፒያኖና ወረቀት የሚበሳ መኪና ይዞ ወደ ሜክሲኮ ገባ። ይህ ፒያኖ የሚመታው እንዲህ ነው። በላዩ አንድ ጥቅል ወረቀት ይዞራል፤ ወረቀቱ የተበሳበት ቦታ ሲደርስ አየር በቀዳዳው ያልፍና የፒያኖውን መዶሻ ያስነሣዋል። ቀዳዳው ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ መሆኑ የድምፁን ከፍታ ይወስናል፤ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ጊዜውን። ስለዚህ በዚህ ወረቀት ላይ ጊዜ እንደ መሬት በመለኪያ ይለካል። አራት ፍጥነት በአንድ ጊዜ የፈለገ ሰው አራት ልዩ ልዩ ርቀት ለክቶ ይበሳል እንጂ አራት ሰው አይለምንም። ነገር ግን ቀዳዳው በእጅ አንድ በአንድ የሚበሳ ስለ ሆነ፣ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ዜማ ብዙ ወራት ይፈጅ ነበር። ድምፁም ጠርቶ እንዲለይ የፒያኖዎቹን መዶሻዎች አጠነከራቸው።

እንዲህ እያለ ሃምሳ ያህል ሥራዎችን ጻፈ፤ «ጥናት» ብሎም በቍጥር ጠራቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ እንደ ኦኬገም ሥራ አንዱ ዜማ ሌላውን የሚከተልባቸው ናቸው፤ ፍጥነታቸው ግን የተለያየ ነው። ነገሩን በመንገደኞች ምሳሌ እናስረዳው። እግረኛው ሌሊት ይነሣል፤ ባለ አህያው ሲነጋ፤ ባለ በቅሎው ፀሐይ ከወጣ በኋላ። ሦስቱም ያንኑ መንገድ ይሄዳሉ፤ የኋለኛው ይፈጥናልና ከወንዙ ዳር ሲደርሱ ይገናኛሉ። በዜማም እንዲሁ ነው። 300 ምት ያለውን ዜማ በደቂቃ 60 የሚመታው በ5 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ 75 የሚመታው በ4 ደቂቃ። እኩል እንዲጨርሱ ከተፈለገ ፈጣኑ ከ1 ደቂቃ በኋላ መጀመር አለበት። በ36ኛው ጥናት አራት ድምፆች በ17፣ በ18፣ በ19 እና በ20 ልክ ይሄዳሉ። ዘገምተኛው ቀድሞ ይነሣል፤ ሌሎቹ በተራ ይከተሉታል፤ በመካከሉ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወዲያ ፈጣኑ ቀድሞ እየሄደ አስቀድሞ ይጨርሳል። ሰሚው የመገናኛውን ሰዓት ከሩቅ ሲቀርብ ይሰማዋል፤ ዝናም ከተራራው ማዶ ሲመጣ እንደሚሰማ። በ37ኛው ጥናት ደግሞ ፍጥነቶቹ 12 ናቸው፤ ከሁሉ የሚዘገየው በደቂቃ 150፣ ከሁሉ የሚፈጥነው 281 ከሩብ ይመታል፤ በመካከላቸው ያሉትም የተደለደሉት በዜማ ውስጥ ባሉት በ12ቱ ድምፆች ልክ ነው። የካውል አሳብ እዚህ ላይ ሥጋ ለበሰ።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝ 33ኛው ጥናት ነው። በዚህ ሥራ የሁለቱ ፍጥነት ልክ 2 ለ2 ካሬ ሥር ነው። የ2 ካሬ ሥር የሚባለው ቍጥር 1.414 ብሎ የሚጀምርና መጨረሻ የሌለው ነው፤ በምንም ክፍልፋይ አይጻፍም። የዚህም ትርጓሜ ሁለቱን ፍጥነቶች እኩል የሚከፍላቸው ትንሽ ምት በዓለም ላይ የለም ማለት ነው። እጅግ አድርገን ብናሳንሰው እንኳ ለአንዱ የገጠመው ለሁለተኛው አይገጥምም። አንድ ጊዜ ከተገናኙ በኋላ ፍጥነታቸው ካልተለወጠ ምታቸው ለዘለዓለም በአንድ ላይ አይወድቅም። እንግዲህ የኦኬገም መዘምራን በልባቸው ይቈጥሩት የነበረው የጋራ ሚኒማ እዚህ የለም። ሁለቱን አብሮ የያዛቸው ወረቀቱ ብቻ ነው። ማንም ሰው ቈጥሮ ሊመታው የማይችል ዜማ እንዲህ ሆኖ ተገኘ፤ ሲሰሙት ግን እብድ የሠራው አይመስልም፤ አንዳንድ ቦታውም እጅግ ያማረ ነው።

ናንካሮ ይህን ሁሉ ሲሠራ ለረዥም ዘመን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበረ። በ1962 በሜክሲኮ ከተማ ፒያኖዎቹን አቅርቦ አሰማ፤ በ1969 በአሜሪካ አንድ ሸክላ ታተመለት። ከ1980 ወዲህ ግን ሀንጋሪያዊው ጌኦርግ ሊጌቲ ሥራዎቹን ሰምቶ ስለ እርሱ በየአገሩ መሰከረ፤ በ1982ም ከአሜሪካ የማካርተር ሽልማት ተሰጠው። በዚያን ጊዜ 70 ዓመት ሊሞላው ነበር።

ሙዚቀኞችም ከሠላሳ ዓመት በፊት የማይቻል ይባል የነበረውን አሁን እንሞክረው እያሉ ወደ እርሱ ይመጡ ጀመር። ከእነርሱ አንዱ አርዲቲ የሚባለው፣ በእንግሊዝ አገር የተቋቋመው የአራት ሰዎች የቫዮሊን ጓድ ነው። ናንካሮ ለአራት እንዲህ ያሉ ተጫዋቾች በ1945 አንድ ሥራ ጽፎ ነበር፤ ሁለተኛውን ጀምሮ ሳይፈጽመው ቀርቷል። ሦስተኛውን የጻፈው ለእነዚህ ሰዎች በ1987 ነው። ሙዚቀኞቹ በኒው ዮርክ ከተጠፋፉበት ቀን ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ፍጥነቶቹ 3፣ 4፣ 5 እና 6 ናቸው፤ ለአራቱም የሚሆን የጋራ ትንሽ ምት አለ፤ ቢቈጠር 60 ይሆናል። በ1988 በኮሎኝ ከተማ ሲሰማ አራቱ ሰዎች፣ መኪና ሳይኖር፣ የሚለያያቸውም መሪ ሳይቆምላቸው፣ እያንዳንዱ በየፍጥነቱ ሄዶ ደራሲው ባዘዘው ቦታ ላይ ተገናኙ። ናንካሮ ከዚያ በኋላም ዘጠኝ ዓመት ኖሮ በ1997 በሜክሲኮ ከተማ ሞተ፤ የበሳቸው ጥቅሎችና ጽሑፎቹ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ተጠብቀው ይገኛሉ።